የታይሮይድ ምስክር ወረቀት ቀን ያልፍበታል፦ ለዝርያ ክበባትና ለዘር ሐረግ መዝገብ ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለንጹሕ ዝርያ ውሾች ክበባት የሥራ አመራር አባላት፣
የዘር ሐረግ መዝገብ ለሚይዙ ጽሕፈት ቤቶች፣
እንዲሁም ውሻ ለሚያራቡና ቡችላ ለሚገዙ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በዘር የሚተላለፈውን የውሾች የታይሮይድ በሽታ የሚመለከተው የምርመራና የምዝገባ ደንብ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምጠይቃችሁ ነገር አዲስ መሣሪያም ሆነ ያልተፈተነ መድኃኒት የሚፈልግ አይደለም። አንድ ውሻ በወጣትነቱ አንድ ጊዜ ደሙ ተመርምሮ «ታይሮይዱ ጤናማ ነው» የተባለበት ወረቀት ዕድሜ ልኩን እንደ ዋስትና መቆጠሩ እንዲቀር፣ ለርቢ የሚውል ውሻ ሁሉ በርቢ ዘመኑና ከዚያም በኋላ በየጊዜው እንዲመረመር፣ ውጤቱ መልካምም ይሁን መጥፎ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ እንዲሰፍር፣ የቡችሎች ምዝገባም ከዚህ ግዴታ ጋር እንዲተሳሰር እጠይቃለሁ። ይህን አንድ ሐኪም ወይም አንድ ቅን አርቢ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። መዝገቡን የያዛችሁት እናንተ ናችሁና ጥያቄዬን በቀጥታ ለእናንተ አቀርባለሁ።

ታይሮይድ በውሻ አንገት ላይ፣ ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ትንሽ ዕጢ ነው። ከምግብ የሚገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን፣ በአጭር ስሙ ቲ4ን፣ ያመርታል፤ ይህም በልዩ ልዩ የአካል ክፍሎች ውስጥ ወደ ቲ3 እየተለወጠ ሰውነት ኃይሉን የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል። የልብ ምት፣ የቆዳና የፀጉር መታደስ፣ የሰውነት ሙቀት፣ የሴቷ መፀነስ ሳይቀር ከዚሁ ሆርሞን ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ዕጢው ሲዳከም ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ አይወሰንም፤ አንዱ ባለቤት ውሻውን ለቆዳው፣ ሌላው ለክብደቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ አልፀንስ ስላለች እናት ውሻ ወደ ሐኪም ያመጣል።

በአዋቂ ውሾች ላይ ከሚታየው የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ከመቶ 95 የሚበልጠው የሚመጣው በራሱ በዕጢው ላይ በደረሰ ጉዳት ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የውሻው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የገዛ ዕጢውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው የሚከሰት ነው፤ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ዕጢው ዘልቀው ሆርሞን አምራቹን ክፍል ቀስ በቀስ ያጠፉታል። በቀረው ግማሽ ላይ ዕጢው መንምኖ ቦታውን ስብ ወስዶት ይገኛል፤ ከነዚህም መካከል አንዳንዶቹ የዚያው ጥቃት መጨረሻ፣ እሳቱ ካለፈ በኋላ የቀረ አመድ፣ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይታሰባል። በሰው ላይ ያለው አቻው ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸውና እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራው በሽታ ነው።

በሽታው ድቅል ውሾችንም ይይዛል፤ ነገር ግን በሁሉም ዝርያ እኩል አልተከፋፈለም። እንግሊሽ ሴተር፣ ዶበርማን፣ ቦክሰር፣ ቢግል፣ ጎልደን ሪትሪቨር፣ ኦልድ ኢንግሊሽ ሺፕዶግ፣ ሮዴዥያን ሪጅባክ፣ ጃይንት ሽናውዘርና ሆቫዋርት በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። በአንድ ዝርያ ውስጥም ቢሆን በአንዳንድ ቤተሰቦች ላይ ይበረታል፤ በቢግሎች ላይ በቤተሰብ እንደሚወርድ የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነበር። እንግዲህ የዘር ጉዳይ መሆኑ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የምዝገባ ደንቦቻችን ናቸው ወደ ኋላ የቀሩት።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ወደ ምርመራ ክፍሌ ከመጡት በአንዱ ላሳያችሁ። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ጎልደን ሪትሪቨር ነው። ባለቤቱ ያመጣችው ለጆሮው ነው፤ ሕክምና ሲያገኝ ይሻለዋል፣ ሲቆም ተመልሶ ይመግላል። ውሻው ከኋላዋ እየተጎተተ ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። የጅራቱ ፀጉር አልቆ ከሥሩ ያለው ቆዳ ጠቁሯል። በሁለቱም ጎኖቹ ፀጉሩ በተመሳሳይ ቦታ ሳስቷል፤ የሚያሳክከው ግን አይመስልም። ግንባሩና የዐይኖቹ ቆብ ስላበጡ ፊቱ ሐዘንተኛ መስሏል። ልቡን ሳዳምጥ ምቱ ከጠበቅሁት የዘገየ ነው። ምግቡ ሳይጨመርለት ክብደቱ ጨምሯል። «አርጅቶብኝ ነው» አለችኝ፤ ይህ ከባለቤቶች አፍ አዘውትሬ የምሰማው ቃል ነው። የደም ውጤቱ ሲመጣ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሏል፣ ቀላል የደም ማነስ አለበት፣ ቲ4 ከዝቅተኛው ወሰን በታች ወርዷል፣ ዕጢውን «ሥራ» እያለ የሚያዘው፣ በአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጨው ቲኤስኤች ሆርሞን ደግሞ አሻቅቧል። በማግሥቱ ይዛው የመጣችው የዘር ሐረግ ማኅደር ውስጥ የአባቱ የታይሮይድ ምስክር ወረቀት ቅጂ ነበረበት። «ጤናማ» ይላል። የምርመራውን ቀን ከትውልድ ቀኑ ጋር ሳስተያየው አባትየው በዚያን ጊዜ አንድ ዓመት ካለፈው ብዙም አልቆየም። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ምንም ነገር የለም።

ወረቀቱ ሐሰት አልነበረም። ደሙ በተቀዳበት ዕለት ውሻው በእርግጥም ጤናማ ሳይሆን አይቀርም፤ ችግሩ ያለው ወረቀቱ ከዚያ ዕለት አልፎ እንዲናገር በመደረጉ ላይ ነው። ጥቃቱ ሲጀምር ታይሮግሎቡሊን በተባለው የዕጢው ፕሮቲን ላይ የተነሱ አንቲቦዲዎች፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓቱ የሚያመርታቸው ተዋጊ ፕሮቲኖች፣ በደም ውስጥ መታየት ይጀምራሉ፤ ይህ በአብዛኛው የሚሆነው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በዚህ ጊዜ ውሻው ይሮጣል፣ ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ሆርሞኑም በልኩ ነው። የተረፈው የዕጢ ክፍል የጠፋውን ሥራ ደርቦ ስለሚሠራ፣ ከዕጢው ሦስት አራተኛ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ አይገለጥም፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛ ዕድሜው ይሆናል። አሁን ከዚህ ጎን የርቢውን የጊዜ ሰሌዳ አስቀምጡት። ውሻው በሁለት ዓመቱ ለርቢ ይውላል፤ በውድድር ካሸነፈ በሦስትና በአራት ዓመቱ ከየአቅጣጫው ይፈለጋል። በስድስት ዓመቱ ሲታመም ልጆቹ ራሳቸው ወልደዋል። በአንድ ዓመት ዕድሜ የተገኘ ጥሩ ውጤት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚነግረን በጣም ጥቂቱን ነው።

ስለ ምርመራው ዓይነት ጠንከር ብዬ መናገር ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ክበባት «የታይሮይድ ምርመራ» የሚል ማንኛውንም ወረቀት ይቀበላሉ። ጠቅላላውን ቲ4 ብቻ መለካት ለርቢ ውሳኔ አይበቃም። ቲ4 ዝቅ ሊል የሚችለው ከዕጢው ጋር በማይገናኝ ሌላ ሕመም፣ በኮርቲዞን መሰል መድኃኒቶች፣ ለሚጥል በሽታ በሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ በሰልፋ ዘር ፀረ ተሕዋስያን ሳቢያም ነው። ግሬይሃውንድ፣ ዊፔት፣ ሳሉኪና ባሴንጂ ደግሞ በተፈጥሯቸው ከሌሎች ዝርያዎች ያነሰ ቲ4 ስላላቸው ለሁሉም ዝርያ በወጣው አንድ ወሰን ከተመዘኑ ጤናማው ሁሉ ሕመምተኛ ይባላል። በተቃራኒው በቲ4 ላይ ራሱ አንቲቦዲ የሠራ ውሻ በተለመደው የላቦራቶሪ ዘዴ ሲለካ ሆርሞኑ ከእውነተኛው መጠን በላይ ሆኖ ሊነበብና የታመመው «ጤናማ» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ለዚህ ነው ኢኩሊብሪየም ዳያሊሲስ በተባለው የላቦራቶሪ ማጣሪያ ዘዴ የሚለካ ነጻ ቲ4፣ ማለትም በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ያልተያያዘው ሆርሞን፣ የሚያስፈልገው። ቲኤስኤችም ለብቻው አይታመንም፤ ሆርሞናቸው በእርግጥ ከጎደለባቸው ውሾች መካከል ሩብ ያህል በሚሆኑት ላይ መጠኑ በልኩ ሆኖ ይገኛል። የዘሩን ነገር የሚያሳየው በዋናነት የታይሮግሎቡሊን አንቲቦዲው ነው፤ እርሱ ደግሞ የዕጢውን የሥራ ደረጃ አይናገርም። ሦስቱ አብረው ካልተነበቡ ወረቀቱ ማኅደር ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም።

አወሳሰዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክትባት በአንዳንድ ውሾች ላይ እነዚህን አንቲቦዲዎች ለጊዜው ከፍ ሊያደርጋቸው ስለሚችል፣ ደሙ ከክትባቱ ጥቂት ሳምንታት ርቆ ቢቀዳ ይመረጣል። ያልተኮላሸች ሴት ወንድ ከምትፈልግበትና ከምታረግዝበት ጊዜ ውጪ ብትመረመር ውጤቷ ይበልጥ የታመነ ይሆናል። ታይሮክሲን እየወሰደ ያለ ውሻ ሆርሞኑ ቢለካ የሚለካው ክኒኑ ነው፤ የዕጢውን አቅም ለማወቅ በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱ ለሳምንታት መቋረጥ አለበት። ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ ላይ ካልተጻፈ ማንም አይጠይቅም፣ ካልተጠየቀም አይደረግም።

የምለው ነገር የትም ተሞክሮ የማያውቅ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው ኦርቶፔዲክ ፋውንዴሽን ፎር አኒማልስ የታይሮይድ መዝገብ አለው። ከላይ ያልኋቸውን ሦስቱንም ምርመራዎች፣ ማለትም ነጻ ቲ4ን፣ ቲኤስኤችን እና የታይሮግሎቡሊን አንቲቦዲን፣ ይጠይቃል፤ ከ12 ወር በታች ለሆነ ውሻ የምስክር ቁጥር አይሰጥም፤ ከዚያም ምርመራው በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ዓመት እንዲደገም ይመክራል። «ይመክራል» ላይ ግን አስምሩበት። ምክር የሚከተለው አስቀድሞም ጥንቁቅ የነበረው አርቢ ነው። በዚሁ ተቋም አሠራር ጥሩ ያልሆነ ውጤት ለሕዝብ የሚገለጠው ባለቤቱ ፈቅዶ በቅጹ ላይ ሲፈርም ብቻ ነው። በእኔ እምነት ከጠቅላላው አሠራር ደካማው ቦታ ይህ ነው። ጥሩው ብቻ የሚታይበት መዝገብ የዝርያውን ጤና አያሳይም፤ ያሳየናል ብለን ስናምነው ደግሞ ከመዝገብ አልባነት የባሰ ያሳስተናል።

በዚያው ተቋምና በአሜሪካን ኬነል ክለብ የውሾች ጤና ፋውንዴሽን ትብብር የቆመው የውሾች ጤና መረጃ ማዕከል ግን ትክክለኛውን መንገድ አሳይቷል ብዬ አምናለሁ። የማዕከሉ ቁጥር ለውሻው የሚሰጠው ጤናማ ስለሆነ አይደለም፤ የዝርያው ክበብ የጠየቃቸው ምርመራዎች ተሟልተው ውጤታቸው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ነው። አንቲቦዲ የተገኘበት ውሻም ቁጥሩን ያገኛል። ይህ ለውጥ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አርቢውን ከኀፍረት ያላቅቀዋል፤ የሚመሰገነው በዕድሉ ሳይሆን በግልጽነቱ ይሆናልና። ክበቦቻችሁ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ሊቀዱት የሚገባ ሐሳብ ካለ ይኸው ነው።

ከአርቢዎች የሚሰነዘሩትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹም ተገቢ ናቸው። የመጀመሪያው «በአንድ የዘረ መል ምርመራ ለምን አንጨርሰውም?» የሚል ነው። ቢቻል ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ። ከልደት ጀምሮ በሚታየውና እንቅርት ይዞ በሚመጣው የታይሮይድ ጉድለት ላይ በእርግጥም ተችሏል፤ በቶይ ፎክስ ቴሪየርና በራት ቴሪየር ላይ መንስኤው ሆርሞኑን ለመሥራት በሚያስፈልገው ኤንዛይም ዘረ መል ላይ የደረሰ አንድ ለውጥ መሆኑ ስለታወቀ ተሸካሚው በዘረ መል ምርመራ ይለያል፣ ሁለት ተሸካሚዎችን አለማገናኘት ብቻ በሽታውን ከቡችሎቹ ያርቃል። ራስን የማጥቃቱ በሽታ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በውሾች የመከላከያ ሥርዓት ውስጥ የራስንና የባዕድን ልዩነት ለማወቅ የሚያግዙ፣ ዲኤልኤ የሚባሉ ዘረ መሎች አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ይዘው የተወለዱ ውሾች ለበሽታው የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸው በዶበርማንም በሌሎች ዝርያዎችም ታይቷል። ሆኖም እነዚያኑ ዘረ መሎች ይዘው ዕድሜያቸውን በጤና የሚጨርሱ ብዙ ናቸው። ስጋቱን የሚወስኑት በርካታ ዘረ መሎች ተደማምረው ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ነገርም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ውርስ በእጃችን ያለው ምርጡ መሣሪያ በየዕድሜው የተመዘገበ የደም ውጤት ነው፤ የውሻው ብቻ ሳይሆን የወንድሞቹ፣ የእኅቶቹ፣ የአጎቶቹና የልጆቹ ጭምር። አንድ ውሻ ራሱ ጤናማ ሆኖ ከአራት ወንድሞቹ ሦስቱ አንቲቦዲ ከተገኘባቸው፣ አስተዋይ አርቢ ከየትኛው መስመር ጋር እንደሚያገናኘው ሁለት ጊዜ ያስባል። ዛሬ ያ አርቢ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ምን አስጨነቀህ፣ ክኒን አለው» የሚል ነው። አዎን፣ አለው፤ ጥሩ ክኒንም ነው። ሌቮታይሮክሲን በአብዛኛው በኪሎ ክብደት 0.02 ሚሊግራም ያህል በየ12 ሰዓቱ ተጀምሮ፣ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ክኒኑ ከተሰጠ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ደም እየተቀዳ መጠኑ ይስተካከላል። ውሻ ሆርሞኑን ከሰው እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ከሰውነቱ ስለሚያስወግደው፣ በክብደት ሲሰላ መጠኑ ለሰው ከሚሰጠው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሆኑ ባለቤቶችን ያስደነግጣል፤ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። በትክክል የታከመ ውሻ በሳምንታት ውስጥ ይነቃቃል፣ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ ዕድሜውም ከጤነኛው አያንስም። ይህን የምለው ምርመራው ላይ በሽታ የተገኘበት ውሻ ባለቤት ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው።

ነገር ግን ይኸው መልካም መድኃኒት ከርቢ አንጻር ሲታይ ሌላ ገጽታ አለው። ክኒኑ ሆርሞኑን ይተካል እንጂ ዘረ መሉን አይነካም። ቀደም ብሎ የታከመ ውሻ ፀጉሩ አምሮ፣ ክብደቱ ተስተካክሎ በውድድር መድረክ ላይ ይቆማል፤ በሆርሞን እጥረት መፀነስ አቅቷት የነበረች ሴትም ታክማ ልትወልድ ትችላለች። ተፈጥሮ «ይህ መስመር ይዘግይ» ብላ ያስቀመጠችውን ምልክት እኛ ሐኪሞች በቅን ልቦና አንሥተንላችኋል። ስለዚህ በመድኃኒት ላይ ያለ ውሻ ይህ ሁኔታው በመዝገቡ ላይ ካልተገለጠ፣ ሕክምናው ራሱ የበሽታው መሸሸጊያ ይሆናል። ባለቤቱ ላይ የሚወድቀው ሸክምም ክኒን በመግዛት አያበቃም፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከምግብ ጋር በወጥነት ተለይቶ ወይም ተገናኝቶ፣ ዕድሜ ልክ፣ ከተደጋጋሚ የደም ምርመራ ጋር የሚሰጥ ነው። ይህን ሸክም ቡችላውን የሸጠው ሰው አይሸከመውም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን በሙሉ ልቤ እጋራዋለሁ። «አንቲቦዲ የተገኘበትን ሁሉ ከርቢ ብናስወጣ ዝርያችን ያልቃል» ይላሉ፤ እውነት ነው። ቁጥራቸው ጥቂት በሆነ ዝርያዎች ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሾችን ማስወጣት የቀሩትን ይበልጥ የሥጋ ዘመዳሞች ያደርጋቸዋል፤ የታይሮይዱን ስንሸሽ የልብ ወይም የዐይን በሽታ እናበዛለን። ደግሞም አንቲቦዲ የተገኘበት ውሻ ሁሉ ሆርሞኑ አይጎድልበትም፤ ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ አንቲቦዲው የጠፋላቸውም አሉ። ስለዚህ የምጠይቀው የማባረሪያ ደንብ አይደለም። አንድ ጊዜ አጠራጣሪ ውጤት ያሳየ ወጣት ውሻ ርቢው ይቆይለትና ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ይደገምለት። አንቲቦዲው የጸናበት ግን በሌላ ነገሩ ለዝርያው እጅግ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በዕድሜ ከገፉ ጤናማ ውሾች መስመር ከመጣች አጋር ጋር በጥንቃቄ ይገናኝ፣ ልጆቹም ክትትል ይደረግላቸው። ሆርሞኑ ጭምር የጎደለበትን ግን ለርቢ ማዋል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ከዚህ ይልቅ ልትጨክኑበት የሚገባ ቦታ አለ፤ እርሱም የዝነኛ አባቶች ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ውሻ በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ቡችሎች በተፈጥሮ የተወሰኑ ናቸው። ዋንጫ ያገኘ ወንድ ግን፣ በተለይ ዘሩ በቅዝቃዜ ተጠብቆ መላክ ከጀመረ ወዲህ፣ ከሞተ በኋላ ሳይቀር በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ሊኖሩት ይችላል። የዚህ ወንድ መስመር ለታይሮይድ በሽታ የተጋለጠ ቢሆን፣ ይህ በታወቀ ጊዜ ዝርያው ውስጥ እርሱን የማይዛመድ ውሻ ማግኘት ራሱ አስቸጋሪ ይሆናል። ወጣት ወንድ አራት ዓመት እስኪሞላውና ተደጋጋሚ ውጤቱ እስኪታይ ድረስ የሚመዘገቡለት ቡችሎች ቁጥር ቢገደብ ማንም አይጎዳም፤ ጥሩ ውሻ ከሆነ አራት ዓመቱም ይደርሳል። አረጋውያን ውሾችን ማክበርም ከዚሁ ይመጣል። በስምንት ዓመቱ ተመርምሮ ንጹሕ የሆነ ወንድ በዛሬው ገበያ ከአዲሱ አሸናፊ ያነሰ ይፈለጋል፤ በእኔ ግምት ግን በመዝገባችሁ ውስጥ ከእርሱ የሚበልጥ ሀብት የላችሁም።

እንግዲህ በደንቡ ላይ እንዲጻፍ የምፈልገውን ልዘርዝር። ለታይሮይድ በሽታ የተጋለጡ መሆናቸው በሚታወቅ ዝርያዎች ውስጥ የአባትም የእናትም ውጤት፣ ርቢው ከመደረጉ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የተገኘ ካልሆነ፣ ቡችሎቹ ያለ ማስታወሻ አይመዝገቡ፤ መዝጋት ከከበዳችሁ ቢያንስ በዘር ሐረግ ወረቀቱ ላይ «የወላጅ የታይሮይድ ውጤት ጊዜው ያለፈ» የሚል ይታተምበት። ምርመራው ሦስቱንም መለኪያዎች ያካተተ ይሁን። የምርመራው ቀንና ውሻው በዚያን ጊዜ የነበረው ዕድሜ ከውጤቱ ጎን፣ በእኩል መጠን ፊደል፣ ይጻፍ። ደም የሚቀዳው ሐኪም የውሻውን የቆዳ ሥር መለያ ቺፕ ቁጥር አንብቦ በቅጹ ላይ ይመዝግብ፤ የሌላ ውሻ ደም የተላከበት ምርመራ ማንንም አይጠቅምም። ርቢ ያቆሙ ውሾች በስድስትና በስምንት ዓመታቸው ሲመረመሩ ክበቡ ወጪውን ቢጋራ፣ ከማንኛውም የዋንጫ ወጪ የበለጠ ፍሬ ያያል። ጥሩ ያልሆነ ውጤት ለመግለጥ የባለቤቱን ፈቃድ የሚጠይቀው ሳጥን ደግሞ ከቅጹ ላይ ይሰረዝ።

ቡችላ ለሚገዙ አንባቢዎችም አንድ ነገር ላክል። የዘር ሐረግ ወረቀት ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ ስለ ጤናቸው ዋስትና አይሰጥም። አርቢውን ስትጠይቁ «ተመርምረዋል ወይ?» ብላችሁ አትቁሙ፤ መቼ፣ በስንት ዓመታቸው፣ በየትኞቹ መለኪያዎች፣ አያቶቹስ በእርጅናቸው ምን ውጤት አላቸው ብላችሁ ጠይቁ። በጥያቄው የሚቆጣ አርቢ መልሱን ሰጥቷችኋል። ማኅደሩን አምጥቶ፣ መጥፎውንም ውጤት ሳይደብቅ፣ ከየትኛው መስመር ጋር ለምን እንዳገናኘ የሚያስረዳችሁን አርቢ ግን አትለፉት፤ እንዲህ ያሉ አርቢዎች አሉ፣ ደንቡ እስከ ዛሬ የጎዳውም በዋናነት እነርሱን ነው፤ የገለጡት ውጤት ካልተመረመረው ጎረቤታቸው ጋር ሲወዳደር ገዢ ያርቅባቸዋልና።

የክበቦቻችሁ ጠቅላላ ጉባኤዎች የጤና ደንባቸውን በሚመለከቱበት በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ሐሳብ በአጀንዳ እንዲያዝ፣ ውሳኔው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ምክንያቱ ለአባላት በጽሑፍ እንዲገለጥ በትሕትና እጠይቃለሁ። ረቂቁን ከላቦራቶሪና ከዘረ መል ባለሙያዎች ጋር ለማዘጋጀት የምትሹ ክበባት ካላችሁ፣ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም